የመጀመሪያ ባለ ኮምፒውተር ቴሌስኮፕ፦ እኔ በረጅሙ ጀመርኩ፣ እናንተ በአጭሩ ጀምሩ

ባለ ኮምፒውተር ቴሌስኮፕ መጠቀም ከጀመርኩ ሁለት ዓመት አለፈኝ። የራሴ አንድ አለኝ፣ ከጓደኞቼ እየተዋስኩ ደግሞ ሌሎች ሁለት ዓይነቶችን ለሳምንታት ደጅ እያወጣሁ ሞክሬያለሁ፣ እና ዛሬ አንድ ሰው "ለመጀመሪያ የቱን ልግዛ?" ቢለኝ የምመልስለት መልስ እኔ መጀመሪያ ከገዛሁት ጋር አይገጥምም። የገዛሁት መጥፎ ሆኖ አይደለም። እስካሁን ጨረቃን የማየው በሱ ነው፣ ልሸጠውም አላስብም። ግን ሰማዩን ገና ለማያውቅ ሰው የሚሆን ዕቃ አልነበረም፣ ለምን እንዳልነበረ እስኪገባኝ ድረስ ደግሞ ብዙ ጥርት ያሉ ሌሊቶች በከንቱ አለፉ፣ እስከዛሬ የሚቆጩኝ እነሱ ሌሊቶች ናቸው።

መጀመሪያ ነገሩ ምን እንደሆነ ልበል። ጎቱ ሚባለው ቴሌስኮፕ ከስሩ ሁለት ሞተር አለው፣ አንዱ ወደ ግራና ቀኝ ሌላው ወደ ላይና ታች ያንቀሳቅሰዋል፣ በእጅ የሚያዝ ሪሞት አለው ወይ ደግሞ በዋይፋይ ከስልክ ጋር ይገናኛል፣ ውስጡ የብዙ ሺህ ኮከብ፣ ጋላክሲና ኔቡላ (የጋዝና የአቧራ ደመና) አድራሻ ተጭኖበታል። ቀኑን፣ ሰዓቱንና ያላችሁበትን ቦታ ትነግሩታላችሁ፣ ሁለት ወይም ሦስት ደማቅ ኮከብ መሀል አስገብታችሁ ታሳዩታላችሁ፣ አላይመንት ሚሉት ይሄን ነው፣ ከዛ በኋላ የቀረውን ሰማይ ራሱ አስልቶ የመረጣችሁት ነገር ላይ ዞሮ ይቆማል። እ.ኤ.አ. በ1992 ሚድ የተባለው ኩባንያ ኤልኤክስ200 ሚባለውን ካወጣ ወዲህ ነው ነገሩ በአማተሮች እጅ በሰፊው የገባው፣ አሁን በቦርሳ በሚያዝ ዕቃ ላይ ሁሉ አለ።

ሰው ብዙ የማያወራው ግን እኔ ከማግኘቱ እኩል የምወደው ነገር መከተሉን ነው። ምድር በሰዓት 15 ዲግሪ ትዞራለች፣ ሞተር በሌለው ቴሌስኮፕ በ150 እጥፍ አጉልታችሁ ጁፒተርን ብታዩ ከአንድ ጫፍ ገብቶ ከሌላው ጫፍ ለመውጣት ከ1 ደቂቃ ከ20 ሰከንድ ብዙም አይፈጅበትም። ሌላ ሰው "ና እስቲ እይ" ብላችሁ ቦታ እስክትቀያየሩ ጠፍቷል። ሞተሩ ሲከተል ግን ፕላኔቱ እዛው መሀል ይቆያል፣ ልጅም አዋቂም ተራ በተራ ያየዋል፣ እናንተም አይናችሁን ሳታነሱ አስር ደቂቃ ስታፈጡ መጀመሪያ ያልታያችሁ ቀበቶ የመሰለ የደመና መስመር ቀስ እያለ ብቅ ይላል። ፕላኔት የሚታየው እንደዛ ነው፣ በትዕግስት፣ አየሩ ለሁለት ሰከንድ ጸጥ ሲልላችሁ።

ኮምፒውተሩ ማያደርገውን ደግሞ እወቁት። ብርሃን አይጨምርም። ሳጥኑ ላይ "40,000 የሰማይ አካላት" ተብሎ ሲጻፍ ልብ ይመታል፣ የኔም መትቶ ነበር፣ ግን ከነዚ ውስጥ አብዛኞቹ ተራ ነጥብ የሚመስሉ ኮከቦች ናቸው ወይ በትንሽ መስታወት ጭራሽ ማይታዩ ደብዛዛ ነገሮች ናቸው። የሚታየውን የሚወስነው አፐርቸሩ ነው፣ ማለትም የፊተኛው ሌንስ ወይ የዋናው መስታወት ስፋት፣ እሱም በስፋቱ ካሬ ነው የሚያድገው፣ 130 ሚሊ ሜትር መስታወት ከ70 ሚሊ ሜትር ሌንስ ሦስት እጥፍ ተኩል ገደማ ብርሃን ይሰበስባል። የ70ው ኮምፒውተር ወደ ደብዛዛ ጋላክሲ በትክክል ይዞራል፣ እናንተ ግን ባዶ ጥቁር ሰማይ ነው የምታዩት። በፈረንሳዊው ሰማይ ተመልካች በሜሲየር ስም በሚጠራው ዝርዝር ውስጥ ያሉት 110 ነገሮች ለጀማሪ ለሁለት ሦስት ዓመት ይበቃሉ፣ ስለዚ የካታሎግ ቁጥር ላይ አትጨነቁ። "525 እጥፍ ያጎላል" ሚለውንም እለፉት፣ ቴሌስኮፕ በአንድ ሚሊ ሜትር አፐርቸር ሁለት እጥፍ ገደማ ነው የሚችለው፣ የ70 ሚሊ ሜትር ልኩ 140 ነው፣ ከዛ በላይ ምስሉ ይተልቃል እንጂ አዲስ ነገር አይታይበትም።

የኔ ዕቃ 127 ሚሊ ሜትር ማክሱቶቭ ነው፣ ፎካል ሌንግዙ፣ ማለትም ብርሃኑ ተሰብስቦ ምስል እስኪሆን ያለው ርቀት፣ 1500 ሚሊ ሜትር። ማክሱቶቭ ማለት ከፊት ወፍራም ጎባጣ መስታወት ያለው፣ ብርሃኑን ውስጡ እያጠፈ የሚያመላልስ አጭር ቱቦ ነው፣ ዲሚትሪ ማክሱቶቭ እ.ኤ.አ. በ1941 ያመጣው ዲዛይን። ሲያዩት ትንሽ ነው፣ ያምራል፣ በአንድ እጅ ይነሳል፣ እኔም በዛ ተማርኬ ነው የገዛሁት። የመጀመሪያው ሌሊት ቀኑን ሳስገባ ወሩንና ቀኑን አቀያይሬ አስገባሁ፣ ሪሞቱ ወርን ነው የሚያስቀድመው፣ እኔ ቀን አስቀደምኩ፣ ሳተርን ስለው ወደ መሬት ዞረ። ሦስት ጊዜ አጥፍቼ አበራሁት። ሦስቱንም ጊዜ ያው ወደ መሬት። ከዛ ይዤው ገባሁ፣ ተኛሁ፣ በማግስቱ መመሪያውን ከዳር እስከ ዳር ሳነብ ነው ያገኘሁት።

ቀኑ ከተስተካከለ በኋላም ግን ችግሩ አላለቀም፣ እና ዋናው ልነግራችሁ የፈለግኩት ነገር ያለው እዚህ ጋ ነው። አላይመንቱ "ተሳክቷል" ይለኛል፣ ሄርኩለስ በሚባለው የሰማይ ክፍል ውስጥ ያለውን ትልቁን የኮከብ ክምችት ኤም13ን እመርጣለሁ፣ ሞተሩ እያጉረመረመ ይዞርና ይቆማል፣ አይኔን ሳስጠጋ ምንም የለም። ሌላ እመርጣለሁ፣ ምንም የለም። ኮምፒውተሩ ነው የተበላሸው አልኩ፣ ሻጩ ጋ ደወልኩ፣ እነሱም ሪሴት አድርገው ከማለት ሌላ የጠየቁኝ ነገር የለም። በየትኛው አይፒስ፣ ማለትም ዓይን በሚጠጋበት በሚቀያየረው ትንሽ ሌንስ፣ እንደማይ እንኳን አልጠየቁኝም፣ ያ አንድ ጥያቄ ቢጠየቅ ኖሮ በዛኑ ቀን ያልቅ ነበር። ከብዙ ሳምንት በኋላ ነው አንድ ቆየት ያለ ተመልካች አጠገቤ ቆሞ "ስንት አይፒስ ነው የሰካኸው?" ያለኝ። 10 ሚሊ ሜትር አልኩት። "በ25 ቀይረው" አለኝ። ቀየርኩት፣ ኤም13 ዳር ላይ ጭጋግ የመሰለች ክብ ሆና ተቀምጣለች። እዛው ነበረች፣ ሁልጊዜም ከምታየው ቀዳዳ ትንሽ ወጣ ብላ።

ሂሳቡ እንዲ ነው። የማጉላት መጠን ማለት የቴሌስኮፑ ፎካል ሌንግዝ ለአይፒሱ ፎካል ሌንግዝ ሲካፈል ነው፣ 1500 ለ10 ሲካፈል 150 እጥፍ። አብሮ የሚመጣው ዓይነት አይፒስ 50 ዲግሪ አካባቢ ስፋት ስላለው 50 ለ150 ስታካፍሉ ከሰማዩ የምታዩት የዲግሪ ሲሶ ብቻ ነው፣ ሙሉ ጨረቃ እንኳን ግማሽ ዲግሪ ናት፣ አትገባም። ጀማሪ የሚያደርገው አላይመንት ደግሞ ግማሽ ዲግሪ ቢስት ምንም አይገርምም፣ ትራይፖዱ ትንሽ ያጋደለ እንደሆነ፣ ኮከቡን በደንብ መሀል ካላደረጋችሁት፣ የሞተሩ ጥርስ ላይ ትንሽ ላላ ያለ ነገር ካለ፣ ይሄ ሁሉ ይደመራል። ግማሽ ዲግሪ ስህተት በሲሶ ዲግሪ መስኮት ማለት ባዶ ሰማይ ማለት ነው። ያው ግማሽ ዲግሪ ስህተት በሁለት ዲግሪ መስኮት ከሆነ ግን ነገሩ መሀል ላይ ባይሆንም እዛው ውስጥ ነው፣ በቁልፍ ትንሽ ገፋ አድርጋችሁ መሀል ታመጡታላችሁ።

ስለዚ ለመጀመሪያ ጎቱ እኔ የምመክረው ፎካል ሌንግዙ አጭር የሆነ የኒውተን ዓይነት፣ ብርሃኑን በሌንስ ሳይሆን በመስታወት የሚሰበስብ ቴሌስኮፕ ነው፣ ከ130 እስከ 150 ሚሊ ሜትር አፐርቸር፣ ከ650 እስከ 750 ፎካል ሌንግዝ፣ ኤፍ5 የሚባለው፣ ፎካል ሌንግዙ የአፐርቸሩ አምስት እጥፍ ማለት ነው። በገበያ ላይ ካሉት የሴሌስትሮን ኔክስስታር 130 ኤስኤልቲ 130 በ650 ነው፣ ከትራይፖድና ከሪሞት ጋር ይመጣል። የስካይዎቸር ሄሪቴጅ 150ፒ ቨርቹኦሶ ጂቲአይ ደግሞ 150 በ750 ነው፣ ጠረጴዛ ላይ የሚቀመጥ፣ ቱቦው ወደ ውስጥ የሚሰበሰብ፣ ሪሞቱ ስልካችሁ የሆነ፣ ሲንስካን በሚባል አፕ በዋይፋይ የሚነዳ። ይሄን ሁለተኛውን ነው ከጓደኛዬ ተውሼ የቆየሁበት።

150ውን ባወጣሁበት የመጀመሪያ ሌሊት የሆነውን ልንገራችሁ። ከሳጥን ወጥቶ፣ ተዘርግቶ፣ በሁለት ኮከብ አላይን ተደርጎ እስከመጀመሪያው ነገር ድረስ ከሩብ ሰዓት ብዙም አልበለጠም። በ25 ሚሊ ሜትር አይፒስ 30 እጥፍ ነው፣ ከ1.6 ዲግሪ በላይ ሰማይ ያሳያል። ሰባቱን ከዋክብት፣ ፕሌያዲስን ማለቴ ነው፣ መረጥኩ። በኔ ማክሱቶቭ በዛው አይፒስ ከዲግሪ ስለሚያንስ ስታዩት ሦስት አራቱ ይገባሉ ሌሎቹ ውጪ ይቀራሉ፣ ዋና ዋናዎቹ ብቻ ወደ አንድ ዲግሪ ይዘረጋሉ። በ150ው ግን ሁሉም ባንድ ላይ፣ ነጭ ሰማያዊ ሆነው፣ በዙሪያቸው የማላውቃቸው ትናንሽ ኮከቦች ተበትነው ነበር፣ እውነቴን ነው የምላችሁ ቁጭ ብዬ ቀረሁ። ከዛ የኦሪዮን ኔቡላ፣ 1,300 የብርሃን ዓመት ገደማ ርቆ ያለው፣ ክንፉን እንደዘረጋ ወፍ ሆኖ፣ መሀሉ ላይ አራቱ ትናንሽ ኮከቦች ጥርት ብለው። ከዛ አንድሮሜዳ የምትባለው ጋላክሲ፣ 2.5 ሚሊዮን የብርሃን ዓመት። አንድሮሜዳ ሙሉዋን ከ3 ዲግሪ ስለምትበልጥ በ150ውም አትገባም፣ ግን ደማቁ መሀሏና ጎኗ ላይ ያለችው ትንሽዋ ጋላክሲ ባንድ ላይ ታዩ። በአንድ ሌሊት ከአስር በላይ ነገር አየሁ፣ በራሴ ዕቃ የመጀመሪያውን ወር ሙሉ ያላየሁትን።

ሌላው የወደድኩለት ነገር ፍሪደም ፋይንድ የሚሉት ነው፣ በእጃችሁ ገፍታችሁ ብታዞሩት አላይመንቱን አይረሳም፣ አንድ ልጅ መጥቶ ቱቦውን ቢጎትተው ሁሉን እንደገና መጀመር የለም። በብዙ ሌሎች ላይ ክላቹን ፈታችሁ በእጅ ካንቀሳቀሳችሁ አላይመንቱ አለቀ ማለት ነው፣ ይሄን ከመግዛታችሁ በፊት ጠይቁ።

ጉድለቱን አልደብቅም። ጠረጴዛ ላይ የሚቀመጥ ስለሆነ ጠንካራ፣ የማይነቃነቅ ነገር ይፈልጋል፣ የሚወዛወዝ ፕላስቲክ ጠረጴዛ ላይ ካደረጋችሁት በ75 እጥፍ ራሱ ሁሉም ነገር ይንቀጠቀጣል፣ እኔ ወፍራም የእንጨት በርጩማ ላይ ነው ያደረግኩት። የቱቦው መሀል ክፍት ስለሆነ የጎን መብራት ይገባል፣ ጥቁር ጨርቅ ወይ ስስ ስፖንጅ መጠቅለል ይረዳል። እና ኒውተን ስለሆነ መስታወቶቹ መስመር መጠበቅ አለባቸው፣ ኮሊሜሽን ይሉታል፣ ኤፍ5 ላይ ትንሽ መዛባት ወዲያው ፕላኔት ላይ ይታወቃል። ይሄ ብዙ ጀማሪ ያስፈራል፣ እኔንም አስፈርቶኝ ነበር ማክሱቶቭ የገዛሁትም በከፊል በሱ ነው፣ ግን አንዴ ካያችሁት አምስት ደቂቃ የማይሞላ ስራ ነው፣ መሀሉ ላይ ትንሽ ቀዳዳ ያላት ክዳን አይፒሱ ቦታ ላይ ታደርጋላችሁ፣ በቀዳዳዋ እያያችሁ ክቦቹ አንዱ በአንዱ ውስጥ እስኪቀመጡ ብሎኖቹን ቀስ እያላችሁ ታዞራላችሁ። በቃ።

ማክሱቶቭ ለማን ነው ታዲያ? ደማቅ መብራት መሀል ለምትኖሩና ጨረቃና ፕላኔት ዋና ፍቅራችሁ ለሆነ። የሰማይ ጥቁረት ቦርትል በሚባል መለኪያ ከ1 እስከ 9 ይመደባል፣ 8 እና 9 ላይ ጋላክሲ በማንኛውም ትንሽ ቴሌስኮፕ ከንቱ ድካም ነው፣ ጨረቃ ግን መብራት ግድ አይሰጣትም፣ ጁፒተርና ሳተርንም እንደዛው። እዛ ላይ የኔ 127 ያስደስታል፣ የጨረቃ ተራራ ጥላ በ150 እጥፍ እንደ ምላጭ ስለት ነው፣ ኮሊሜሽን ማለት ይቻላል አይነካም። የሳተርን ቀለበት እ.ኤ.አ. በመጋቢት 2025 በጠርዙ ዞሮብን ስስ መስመር ብቻ ሆኖ ነበር፣ ከዛ ወዲህ ቀስ በቀስ እየተከፈተ ነው፣ በሚቀጥሉት ዓመታት እያማረ ነው የሚሄደው፣ ፕላኔት ለሚወድ ጥሩ ጊዜ ነው። ብቻ ከቤት ስታወጡት መስታወቱ ከውጪው ቅዝቃዜ ጋር እስኪስማማ ግማሽ ሰዓት ወይም ከዛ በላይ ተዉት፣ እስከዛ ምስሉ ውሃ ውስጥ ያለ ይመስላል፣ ዕቃው መጥፎ ነው ብላችሁ እንዳትፈርዱ። የፊቱ መስታወት ጤዛም ይይዛል፣ ከፊቱ የሚጠቀለል የጤዛ መከላከያ የግድ ነው፣ ከካርቶን ብትሰሩትም ይሰራል።

ከፍ ያሉትን በአጭሩ፣ ኔክስስታር 6ኤስኢ 150 ሚሊ ሜትር፣ 8ኤስኢ 203 ሚሊ ሜትር ነው፣ ሁለቱም ሽሚት ካሴግሬን የሚባሉ፣ እንደ ማክሱቶቭ ብርሃኑን ውስጡ የሚያጥፉ አጭር ቱቦዎች፣ ኤፍ10። የ8ቱ ፎካል ሌንግዝ 2032 ነው፣ ብርሃን አሰባሰቡ ድንቅ ነው፣ ግን የመስኮት ጥበቱ ከላይ ካልኩት ይብሳል፣ ሙሉ ክብደቱም ከ10 ኪሎ በላይ ነው። ሰማዩን ካወቃችሁ በኋላ ለዓመታት የማይሰለች ዕቃ ነው። እንደ መጀመሪያ ግን፣ የሚያስተምራችሁ ሰው አጠገባችሁ ከሌለ፣ አልመክርም።

ሞተር የሌለው ግን ስልካችሁን እንደ አእምሮ የሚጠቀም ዓይነትም አለ፣ የሴሌስትሮን ስታርሴንስ ኤክስፕሎረር። ስልኩ መያዣው ላይ ይታሰራል፣ በካሜራው ሰማዩን ፎቶ እያነሳ ከኮከቦች ካርታ ጋር ያስተያያል፣ ስክሪኑ ላይ ቀስት እያሳየ "ወደዚህ ግፋ" ይላችኋል፣ እናንተ በእጃችሁ ትገፋላችሁ። አላይመንት የለም፣ ቀንና ሰዓት መሳሳት የለም፣ ባትሪ የሚበላ ሞተር የለም። አይከተልላችሁም ግን፣ ቅድም ያልኩት የጁፒተር ነገር አለ። ስልካችሁ በሚደገፉት ዝርዝር ውስጥ መኖሩን አስቀድማችሁ አረጋግጡ። ብቻችሁን የምታዩ ከሆነ በጣም ጥሩ ምርጫ ነው፣ ብዙ ሰው ሰብስባችሁ የምታሳዩ ከሆነ ሞተር ያስፈልጋችኋል።

አሁን ደግሞ ሁሉም የሚጠይቀው ስማርት ቴሌስኮፕ። ሦስተኛው የሞከርኩት ሲስታር ኤስ50 ነበር፣ ዜድደብልዩኦ እ.ኤ.አ. በ2023 ያወጣው፣ 50 ሚሊ ሜትር ሌንስ በ250 ፎካል ሌንግዝ፣ ውስጡ ካሜራ፣ ሞተር፣ ባትሪ፣ ሁሉም ባንድ ሳጥን። መሬት ላይ ታስቀምጡታላችሁ፣ በስልክ ትነኩታላችሁ፣ ሰማዩን ራሱ ፎቶ አንስቶ የት እንዳለ ያውቃል፣ የ10 ሰከንድ ፎቶዎችን እየደራረበ ከአሥር ደቂቃ በኋላ የኦሪዮን ኔቡላን በቀለሙ ያሳያችኋል፣ መብራት በበዛበት ቦታ ራሱ። ይሄን ዓይን በ150 ሚሊ ሜትርም አያይም፣ ዓይን ኔቡላን ግራጫ ነው የሚያየው፣ ይሄን ሳይነገራቸው ቴሌስኮፕ የሚገዙ ሰዎች በጣም ያዝናሉ፣ ፎቶ ላይ ያለውን ቀለም ነዋ የጠበቁት። ነገር ግን ሲስታር አይፒስ የለውም፣ የምታዩት ስልክ ነው። ፕላኔት ላይም ደካማ ነው፣ በ250 ፎካል ሌንግዝ ጁፒተር ትንሽ ነጥብ ቢጤ ናት። እናቴን ጠርቼ ሁለቱንም አሳየኋት፣ በስልኩ ላይ ያለውን ኔቡላ አይታ "ቆንጆ ነው" አለች፣ በማክሱቶቩ ሳተርንን በአይኗ ስታይ ግን እጇን አፏ ላይ አድርጋ ዝም አለች። ፎቶ የምትፈልጉ ከሆነ ሲስታር ግዙ፣ ከጎቱ ጋር እየታገላችሁ ካሜራ ለመግጠም አትድከሙ፣ በግራና ቀኝ በላይና ታች የሚዞር ማቆሚያ ላይ ሰማዩ ራሱ ቀስ እያለ ስለሚሽከረከር ረጅም ፎቶ አይሆንም። በአይናችሁ ማየት የምትፈልጉ ከሆነ ግን ሌላ ነገር አይተካውም።

ኤሌክትሪኩን ሳልናገር ማለፍ አልችልም ምክንያቱም ከአላይመንት ቀጥሎ ሰው የሚያማርረው በዚህ ነው። ብዙዎቹ በ8 ድንጋይ ይሰራሉ ይባላል፣ ይሰራሉም፣ ግን ሞተር ሲዞር ብዙ ይበላል፣ ድንጋዩ ሲደክም ደግሞ ቀጥ ብሎ አይጠፋም፣ መጀመሪያ ያብዳል። አንድ ሌሊት እንግዳ ጠርቼ መሀል ላይ የኔው ሳልነካው መዞር ጀመረ፣ ሳቆመው አልቆም አለ፣ ሪሞቱ ጠፍቶ በራ፣ አላይመንቱም አብሮ ሄደ። ሞተሩ ተቃጠለ ብዬ ደነገጥኩ፣ ድንጋይ ነበር። ከዛ ቀን ጀምሮ 12 ቮልት የሚሰጥ የሚሞላ ባትሪ ነው የምጠቀመው፣ ከቴሌስኮፑ ጋር ባንድ ላይ አስቡት፣ እንደ ተጨማሪ ዕቃ አትዩት። የሶኬቱን ልክና ፖዘቲቩ መሀል ላይ መሆኑን ከመመሪያው አይታችሁ ግዙ፣ ተገልብጦ ከገባ ሰሌዳውን ያቃጥለዋል። ኔክስስታር ኢቮሉሽን ሚባለው መስመር ሊቲየም ባትሪው ውስጡ አብሮ የተሰራ ነው፣ አንዴ ከተሞላ እስከ 10 ሰዓታት ያህል ይይዛል ይላሉ፣ አቅሙ ላለው ሰው ትልቅ እረፍት ነው።

አላይመንት ላይ የረዱኝን ነገሮች እንዲሁ ልዘርግፍላችሁ። ትራይፖዱን በውሃ ልክ አስተካክሉ፣ እግሮቹን ደግሞ እስከ መጨረሻ አትሳቡ፣ ባጠረ ቁጥር አይንቀጠቀጥም። ቀኑ በወር ነው በቀን የሚጀምረው እዩ፣ ቦታ ስታስገቡ ምስራቅና ምዕራብ እንዳይምታታ፣ የሰዓት ክልሉን አረጋግጡ፣ በዓመት ሁለቴ ሰዓት ወደፊትና ወደኋላ የማይደረግበት አገር ከሆናችሁ እሱን ማጥፋት አትርሱ። ቀይ ነጥብ የምታሳየዋን ፋይንደር፣ ቱቦው ላይ ያለችውን ማነጣጠሪያ፣ ቀን በብርሃን ሩቅ ያለ ምሰሶ ላይ አስተካክሏት፣ ማታ በጨለማ እሱን ማስተካከል ስቃይ ነው። የምትመርጧቸው ኮከቦች የተራራቁ ይሁኑ፣ አናታችሁ ላይ ያለ ኮከብ አትምረጡ። ኮከቡን መጀመሪያ በ25 አምጡት ከዛ በ10 ቀይራችሁ በትክክል መሀል አድርጉት፣ መጨረሻ ላይ ስታስጠጉት ሁልጊዜ በላይኛውና በቀኙ ቁልፍ ብቻ ጨርሱ፣ የጥርሶቹ ልልነት ባንድ በኩል እንዲያርፍ። ኮከብ በስም የማታውቁ ከሆነ ሴሌስትሮኖቹ ላይ ስካይአላይን የሚል አለ፣ ማንኛውንም ሦስት ደማቅ ነገር ታሳዩታላችሁ ስሙን ራሱ ያገኘዋል፣ በጣም ጥሩ ሀሳብ ነው፣ ብቻ ሦስቱ ተራርቀው ይሁኑ።

ፀሐይን በተመለከተ አንድ ነገር፣ እባካችሁ። ቴሌስኮፑ ኮምፒውተሩ ተሳስቶም ይሁን ሰው ነክቶት ወደ ፀሐይ ሊዞር ይችላል፣ ከቱቦው ፊት የሚገጠም ትክክለኛ የፀሐይ ፊልተር ሳይኖር ቀን ላይ ክፍት አድርጋችሁ ልጆች አጠገብ አትተዉት። አይፒስ ላይ የሚሰካ ትንሽ የፀሐይ ፊልተር አብሮ ከመጣ ጣሉት፣ በሙቀት ይሰነጠቃል፣ ዓይን ከጠፋ አይመለስም። ፋይንደሩንም ክደኑት።

"ኮምፒውተር ሰነፍ ያደርጋል፣ ሰማዩን በካርታ ነው መማር" የሚሉ አሉ፣ አከብራቸዋለሁ፣ ባንድ ገንዘብ ኮምፒውተር የሌለው ትልቅ ዶብሶኒያን፣ ቀላል ማቆሚያ ላይ ተቀምጦ በእጅ የሚገፋ የኒውተን ዓይነት፣ መግዛት እንደሚቻልም እውነት ነው፣ 200 ሚሊ ሜትር ዶብ ከ130 ጎቱ በብርሃን ከሁለት እጥፍ በላይ ነው። ጥቁር ሰማይና ጊዜ ያለው ሰው እሱን ቢገዛ አልከራከረውም። እኔ ግን ከስራ ደክሜ ገብቼ አንድ ሰዓት ነው ያለኝ፣ ያንን ሰዓት በመፈለግ ሳይሆን በማየት ነው ማሳለፍ የምፈልገው፣ ደግሞም መብራት በበዛበት ሰማይ ላይ በካርታ ከኮከብ ወደ ኮከብ መዝለል የሚባለው መነሻ የሚሆነው ኮከብ ራሱ አይታይም። ሰማዩንም ያስተማረኝ ጎቱው ነው፣ ቱቦው በዞረ ቁጥር ቀና ብዬ የት እንደቆመ ስለማይ አሁን አልቢሪዮ የሚባለውን ኮከብና ኤም13ን ያለ ሪሞት አገኛቸዋለሁ።

ለጓደኛዬ ልጅ ባለፈው ወር ያስገዛኋቸው 150ውን ነው። የመጀመሪያውን ሌሊት እንዲህ አድርጉ አልኳቸው፦ ገና ሲመሽ አውጡት፣ 25ቷን አይፒስ ብቻ ሰክታችሁ ሌላውን ቤት ተዉት፣ ጨረቃ ካለች ያለ ኮምፒውተር በእጃችሁ አዙራችሁ እዩዋት፣ ከዛ አላይን አድርጉና ሳተርን ወይ ጁፒተር ያለውን ምረጡ፣ የጁፒተርን አራቱን ጨረቃዎች ቁጠሩ፣ ጋሊሊዮ እ.ኤ.አ. በ1610 ያያቸው እነሱን ነው። ቀይ መብራት ካልሆነ ሌላ አታብሩ፣ ዓይን ጨለማውን ለመልመድ ከ20 እስከ 30 ደቂቃ ይፈልጋል፣ የስልኩን ስክሪንም አደብዝዙት። ሰባቱን ከዋክብት ለመጨረሻ አስቀሩ። በሦስተኛው ቀን ልጁ ደወለልኝ፣ አራት ሳይሆን ሦስት ጨረቃ ነው ያለው ብሎ። አንዷ ጁፒተር ጀርባ ገብታ ይሆናል፣ ከአንድ ሁለት ሰዓት በኋላ ተመልሰህ እይ አልኩት።